የጥገና ግምት ለመዘጋት ያቀረበው ድልድይ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በሪብል ወንዝ ሸለቆ የላይኛው ጫፍ የሚገኘው የሪብልሄድ የባቡር ድልድይ ተገንብቶ ከተጠናቀቀ ከ150 ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። 24 የድንጋይ ቅስቶች ያሉት ይኸው ድልድይ 400 ሜትር ያህል ርዝመትና 32 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ ከሴትል እስከ ካርላይል የተዘረጋው የባቡር መስመር አካል ነው።

ግንባታው የሰው ሕይወት አስከፍሏል። በአደጋና በበሽታ ያለቁት ሠራተኞች ቁጥር 100 ያህል እንደሚደርስ ይነገራል። መሐንዲሶቹ በበኩላቸው እያንዳንዱን ስድስተኛ ምሰሶ ከሌሎቹ አወፍረው ሠርተውታል። ይህም አንዱ ምሰሶ ቢወድቅ ጉዳቱ ወደ ድልድዩ ሁሉ እንዳይዛመት ታስቦ ነው።

የአገሪቱ የባቡር ድርጅት የነበረው ብሪቲሽ ሬይል እ.ኤ.አ. በ1983 መስመሩ እንዲዘጋ በይፋ ሐሳብ ሲያቀርብ ዋነኛ መከራከሪያው የዚህ ድልድይ የጥገና ወጪ ነበር። ውሃ ወደ ግንቡ እየሰረገ ድንጋዩን ጎድቶታል፤ ይህ አላከራከረም። ለጥገናው ይጠየቅ የነበረው በሚሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ገንዘብ ግን ከመንገደኞች ቁጥር ማነስ ጋር ተነጻጽሮ ነው የቀረበው። የመንገደኞቹ ቁጥር ለምን አነሰ የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። በመስመሩ ላይ ከነበሩት ትንንሽ ጣቢያዎች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ተዘግተው ነበር። ስለሆነም የቀረበው አኃዝ የመስመሩን ጠቀሜታ ሳይሆን ቀደም ሲል የተወሰደውን እርምጃ ውጤት የሚያሳይ ነበር ማለት ይቻላል። ስምንት ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ዳግም አገልግሎት ጀመሩ። በ1983 በዓመት 93 ሺህ የነበረው የጉዞ ብዛት በ1989 ወደ 450 ሺህ ከፍ ብሏል።

በሌላ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተቃውሞዎች ለመንግሥት ቀረቡ፤ ከእነዚህ መካከል የአንድ ውሻ የእግር አሻራም ይገኝበታል።

ይሁን እንጂ ለውሳኔው ከተቃውሞው ያላነሰ ክብደት የነበረው በድልድዩ ላይ የተካሄደው የሙከራ ጥገና ነው። ሙከራው ትክክለኛው ወጪ ከመጀመሪያው ግምት በእጅጉ ዝቅ እንደሚል አመለከተ። በወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት ማይክል ፖርቲሎ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1989 የመዝጊያውን ሐሳብ ውድቅ አደረጉ። ቀጥሎም ድልድዩ ውሃ በማያስገባ ንጣፍ ተሸፍኖ ታደሰ።

ዛሬም መንገደኛና ጭነት የሚያመላልሱ ባቡሮች ይተላለፉበታል። ሃዲዱ ግን ጭነቱን ለመቀነስ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1985 ከሁለት ወደ አንድ ዝቅ እንደተደረገ በመቆየቱ፣ ባቡሮቹ ድልድዩን የሚሻገሩት ተራ በተራ ነው።