ከጎጆዋ የወጣች ጫጩት

በአሜሪካ የምትኖሩ ልጆች፣ ደረቱ ብርቱካናማ የሆነውን ሮቢን የተባለ ወፍ ሣር ላይ ትል ሲለቅም አይታችሁት ይሆናል። እኔ ከቤት ስለምሠራ በየጸደዩ በመስኮት አየዋለሁ። እናቲቱ በሣርና በጭቃ ጎጆ ትሠራለች። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰማያዊ እንቁላል ጥላ 2 ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በ13 ቀን ገደማ፣ በደንብ መብረር ሳይችሉ ከጎጆ ይወጣሉ።

ስለዚህ ላባ ያወጣች ጫጩት መሬት ላይ ስትዘል ብታዩ፣ «እናቷ ጥላት ሄዳለች» ብላችሁ ወደ ቤት አታስገቧት። ወላጆቿ እዚያው አካባቢ ሆነው ይመግቧታል። እናቲቱ እንደገና እንቁላል ስትታቀፍ ደግሞ አባትየው ያበላታል። ድመት ካላችሁ ግን ቤት አስገቡ፤ እናንተም ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። መብረርን የምትማረው እዚያው፣ ከወላጆቿ ጋር ነው።