አርታ የትም አይሄድም

ትምህርት ሲዘጋ፣ ብስክሌት ገና የለመዱ ልጆቻችን «አርታ ካልወጣን» ይላሉ። አርታ ከጅቡቲ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ መጨረሻው ዳገት ነው፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪ ያልፋል።

አምና አንድ ተማሪያችን ራሱን ሲያዞረው ከመንገድ ተመለሰ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ዛሬ ያሳፍረኛል፤ የዚያን ቀን አስተዋዩ እሱ ነበር።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ልጆች፣ ገና ሲነጋ ውጡ፤ በመጀመሪያ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ርቀቱን ጨምሩ፤ ዳገቱ በመጨረሻ ይምጣ። ዳገት ላይ ቀላሉን ማርሽ ያዙ፤ ውኃ በየመሐሉ ጠጡ።

ወላጆችም «ደረስክ ወይ?» ሳይሆን «ደኅና ተመለስክ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። አርታ የትም አይሄድም።