የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

«በመስተዋት ገንዳ ያኖርኋቸው ዓሣዎች ያለ ምክንያት አለቁብኝ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ያለ ምክንያት የሚሞት ፍጡር ግን የለም። ስሕተቱ ዓይንን ብቻ ማመን ነው፤ አሞኒያ ቀለም የለውምና ውሃው ኩልል ብሎ ሳለ ይገድላል። ከዓሣው ገላና ከበሰበሰ ምግብ የሚወጣውን ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። በአዲስ ገንዳ እስኪበረክቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ሻጩን ከመራገም በፊት ውሃውን መርምሩ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ካልሆነ ምግብ ቀንሱ፤ ሩቡን ውሃ ክሎሪን በሌለው ለውጡ። ሁሉን ጠርጎ ማጠብ ባክቴሪያዎቹንም ያጠፋል። ኬሚስትሪን ለፈተና ብቻ የምናጠና ከሆነ በእጃችን ያለችውን ነፍስ እንኳ አናድንም።