የማዕድን ሂሳብ መቼ ይዘጋል?

ከምድር ውስጥ ሀብት ማውጣት አገርን የሚጠቅም ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። መንገዱም ትምህርት ቤቱም የሚሠራው በገንዘብ ነውና። ይሁን እንጂ የማዕድን ሥራ ሂሳብ ሲቀርብልን የገቢውን ዓምድ ብቻ አንብበን የምንደሰት ከሆነ፣ ግማሹን ሳናነብ ቀርተናል ማለት ነው።

ለዚህ አባባላችን በዛምቢያ የምትገኘውን የካብዌን ከተማ በምስክርነት እንጠራለን። በዚያች ከተማ ከ80 ዓመት በላይ እርሳስና ዚንክ የተባሉት ማዕድናት ሲወጡና ሲቀልጡ ኖረው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ሥራው ተዘጋ። ሠራተኛው ተሰናበተ፤ ዝቃጩና አቧራው ግን በዚያው ቀረ። ነፋስ እያነሣ ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ይበትነዋል፤ በአፈር ላይ የሚጫወት ሕፃንም እጁን ወደ አፉ ባደረገ ቁጥር ይውጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም እርሳስ ከተገኘ መነሻው ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። በ2015 በታተመ ጥናት ግን በማዕድኑ አጠገብ ከተመረመሩት ሕፃናት የአብዛኞቹ ደም ከ10 ማይክሮግራም በላይ ይዞ ተገኝቷል።

እርሳስ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ መጠኑ ሲበዛም ለሞት ያደርሳል። እንግዲህ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላ የተወለደው ልጅ፣ ከሀብቱ አንዲት ሳንቲም ሳይደርሰው ዕዳውን ይከፍላል።

በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ ስለ ጤናው ባሰማው አቤቱታ ምክንያት የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ ታግዶ እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ያለ አቤቱታ በሚነሣበት ጊዜ፣ ሥራው ሳይጀመር የውሃውና የአፈሩ ይዞታ ተመርምሮ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ከሳሹ ማስረጃ፣ ተከሳሹም መከላከያ ያጣል፤ ዳኛውም ይቸገራል።

ስለዚህ ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ነገ የፈቃድ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ አደራ እንላለን። ውሃው፣ አፈሩና የነዋሪው ጤና አስቀድሞ ተመርምሯልን? ዝቃጩስ የት ያርፋል? የማጽጃው ገንዘብስ ገና ከመነሻው በማን እጅ ተቀምጧል? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የማዕድኑ ሂሳብ ተዘጋ ለማለት የምንደፍረው፣ በአጠገቡ የተወለደ ልጅ በሰፈሩ አፈር ላይ ያለ ሥጋት ሲጫወት ስናይ ብቻ ነው።