ጾም አይደለም፣ ምሳ ነው

በኦገስት 2013 (እ.አ.አ.)፣ የጀርመን ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቢልድ ጋዜጣ የአረንጓዴዎች ፓርቲ ሥጋ ሊከለክለን ነው የሚል ወሬ ይዞ ወጣ። ነገሩ ሲጣራ ፓርቲው በምርጫ ሰነዱ ያሰፈረው፣ ካንቲኖች በሳምንት አንድ ቀን ከሥጋ ነጻ ምግብ ቢያቀርቡ መልካም ነው የሚል ሐሳብ ነበር። ረቡዕና ዓርብን ሲጾም ላደገ ሰው ይህ የሚያስጮህ ነገር አይደለም። ጀርመንን ግን አስጮኸ። ሳህናችን ውስጥ ማን እጁን አስገባ የሚለው ቁጣ የምርጫ ወሬ ሆኖ ሰነበተ። ፓርቲው በሴፕቴምበር ያገኘው ድምፅ 8.4 በመቶ ብቻ ነበር። ለውጤቱ መውረድ የግብር ዕቅዱም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሳው ግን ያቺን አንድ ቀን ነው።

ስምንት ዓመት አለፈ። በኦክቶበር 2021 የበርሊን ተማሪዎችን የሚመግቡት 34 ምግብ ቤቶችና ካፌዎች አዲስ የምግብ ዝርዝር ይዘው ተከፈቱ። ከሚቀርበው ምግብ 68 በመቶው ከእንስሳት የሚገኝ አንዳች ነገር የሌለው ቪጋን ነበር። 28 በመቶው ወተትና እንቁላል የሚፈቅድ፣ 2 በመቶው ዓሣ፣ የቀረው 2 በመቶ ሥጋ ነበር። በአንድ ቀን የተንቀጠቀጠ አገር ይህን እንደ ተራ የካንቲን ዜና አንብቦ አለፈ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ለውጡን የጠየቁት ተመጋቢዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ነገሩም በአንድ ሌሊት አልመጣም። የበርሊን ነጻ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ከሥጋ ነጻ የሆነ የተማሪ ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር፤ በ2019 ደግሞ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ሙሉ በሙሉ ቪጋን የሆነውን አስከተለ። ሰልፉ ረዘመ፣ ትሪው ባዶ ተመለሰ፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

ስለ በርሊን የዕፅዋት ምግብ ሲወራ ግን ካሜራው ወደ ካንቲን አይዞርም፤ የሚዞረው ወደ ክሮይትስበርግ፣ ወደ ፍሪድሪሽስሃይንና ወደ ፕሬንዝላወር በርግ ነው። እነዚህ ሰፈሮች ተራማጅ ነን ሲሉ በወሬ ብቻ አይደለም። በ2002 የአረንጓዴዎች ፓርቲ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፌዴራል ፓርላማ ወንበር በቀጥታ ምርጫ ያሸነፈው በዚህ አካባቢ፣ በሐንስ ክሪስቲያን ሽትሮበለ አማካይነት ነው። ክሮይትስበርግ ከዚያ በፊት የበርሊን ግንብ ጥግ የተወሸቀ፣ ኪራዩ የረከሰ ሰፈር ነበር። የቱርክ ሠራተኞች፣ ወታደር ላለመሆን ወደ ምዕራብ በርሊን የሸሹ ጎረምሶች፣ ባዶ ሕንፃ ሰብረው የገቡ ወጣቶች ተደባልቀው ኖሩበት።

የዕፅዋት ማዕድም በዚያ ሰፈር የተጀመረው በደማቅ መብራት ሥር አይደለም። ባዶ ሕንፃ የያዙት ወጣቶች ‹‹የሕዝብ ማዕድ ቤት›› የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በትልቅ ድስት ይበስላል፣ የመጣ ሁሉ የወጪውን ያህል ሳንቲም አስቀምጦ ይበላል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ ጎመን። ይህ ምግብ ርካሽ ነው፣ ሙስሊሙም ሥጋ የተወውም አብረው ይቀርቡታል። ስለ ፍልስፍናው ብዙ ተብሏል፤ ሆዱን ግን የሞላው የድስቱ ስፋት ነው።

ከዚያ ሱቁ መጣ። በ2011 ያን ብሬዳክ የተባለ የቀድሞ የዳይምለር ኃላፊ በፕሬንዝላወር በርግ፣ ሺፈልባይነር ጎዳና ላይ ቬጋንስ የተባለ ሙሉ በሙሉ ቪጋን ሱፐርማርኬት ከፈተ። አጠገቡ ያለ ቆዳ የተሠራ ጫማ የሚሸጥ ሱቅ፣ ልብስ ቤት፣ ካፌ ተደረደረ፤ ጎዳናውም በቱሪስት መምሪያ ላይ የቪጋን ጎዳና ተብሎ ተጻፈለት። ቬጋንስ ወደ ሌሎች ከተሞች ቅርንጫፍ ዘረጋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተራው ሱፐርማርኬት ያንኑ አይብ፣ ያንኑ ቋሊማ፣ ያንኑ የአጃ ወተት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ሰው ለአንድ አይብ ብሎ ከተማውን አቋርጦ አይሄድም። በ2017 የሱቅ ክፍሉ የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገባ፤ ኩባንያው ከዚያ ወዲያ የቀጠለው በዋናነት ምርቱን ለሌሎች ሱቆች በማቅረብ ነው። እንደ ሱቅ ወደቀ፣ እንደ ሐሳብ ግን አሸነፈ ማለት ይቻላል።

የተሻለው ትምህርት ያለው ግን ከጎዳና ምግብ ዘንድ ነው። ዶነር፣ ከሚሽከረከር ዘንግ ተልጦ ዳቦ ውስጥ የሚገባው ሥጋ፣ በርሊን ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቱርክ ስደተኞች እጅ የተስፋፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ ምግብ ነው። በፍሪድሪሽስሃይን፣ ቦክስሃገነር ጎዳና ላይ ፎነር የምትባል ጠባብ ምግብ ቤት ያንኑ ዶነር ያለ ሥጋ አወጣች። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ግን እጅ ይፈልጋል። የስንዴ ሊጥ ይታሻል፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ደጋግሞ ይታጠባል። ነጩ ስታርች ወተት መስሎ ሲወርድ እጅ ላይ የሚቀረው የሚለጠጥ ነገር የስንዴው ፕሮቲን ነው፤ ሰይታን ይሉታል። ይቀመማል፣ ይበስላል፣ እንደ ሥጋ በብረት ዘንግ ላይ ተጠቅጥቆ እሳት ፊት ይሽከረከራል። ሻጩ ውጪውን በረጅም ቢላ ይልጠዋል፣ ጠርዙ የተጠበሰው ክፍል ዳቦው ውስጥ ይገባል፣ ጎመንና ሶስ ይደረብበታል። ሥጋ አይደለም፤ ሥጋ ነኝ ብሎም አያታልልም። ሌሊት ከጭፈራ ቤት የወጣ ሰው ምን ይፈልጋል? ትኩስ፣ ጨው ያለበት፣ በእጅ የሚያዝ፣ ኪስ የማይጎዳ ነገር። ይህን አሟልቷል።

በሌላው ጫፍ ኩኪስ ክሪም አለ። ከትልቅ ሆቴል ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳ በተደረደረበት ጠባብ መተላለፊያ ተሂዶ፣ ደወል ተደውሎ የሚገባበት ምግብ ቤት ነው። ምግቡ ከሥጋና ከዓሣ ነጻ ነው፤ በ2017 መጨረሻ ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽላን ኮከብ አገኘ። ያለ ሥጋ የተከበረ ማዕድ መሥራት እንደሚቻል ለማሳየት ይህ ይበቃል። ኮከብ ያለበት እራት ግን የሰፈር ሰው የሚበላው አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለልደት ነው። እዚህ ላይ የዚህ ዓምድ አቋም ግልጽ ነው። የዕፅዋት ምግብ በአንድ ሰፈር ሥር ሰደደ የሚባለው ሳህኑ ላይ ሦስት ቅጠልና አበባ ተደርጎ በውድ ሲሸጥ አይደለም። ያን ዓይነቱ ቤት የመጣው ብዙውን ጊዜ ኪራዩ ከናረ፣ የድስቱ ባለቤቶችም ሰፈሩን ለቀው ከሄዱ በኋላ ነው።

የዋጋ ነገር በደንብ የታየው በ2023 ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ሊድል የተባለው ሱፐርማርኬት በጀርመን ያሉትን አብዛኞቹን የራሱን የዕፅዋት ምርቶች ከእንስሳት አቻቸው ጋር በዋጋ አስተካከለ። ከ1834 ጀምሮ ቋሊማ ሲሠራ የኖረው ሩገንቫልደር ሙለ ደግሞ በ2014 መጨረሻ ያለ ሥጋ ማምረት ጀምሮ፣ በ2020 ሽያጩ ከሥጋው በለጠለት። ሥጋ ሻጭ በሃይማኖት አይመራም፤ በሂሳብ ነው። በ2022 አንድ ጀርመናዊ በአማካይ የበላው ሥጋ 52 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቆጠራው በ1989 ከተጀመረ ወዲህ ያ ዝቅተኛው ነበር። የመንግሥት ነገር ግን አሁንም ያስቃል። የላም ወተት የተጨማሪ እሴት ታክሱ 7 በመቶ ሲሆን የአጃ ወተት 19 በመቶ ይከፍላል፤ አንዱ መሠረታዊ ምግብ፣ ሌላው እንደ ተራ መጠጥ ስለሚቆጠር።

የአበሻ ምግብ ቤት በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነው? በርሊንም ሆነ ሌላ የአውሮፓ ከተማ ያሉት አበሻ ቤቶች የጾም በያይነቱን ‹‹ቪጋን›› ብለው በዝርዝራቸው ላይ ጽፈዋል። ደግ አደረጉ። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን፣ አዚፋ፤ አንዱም ሥጋ ለመምሰል አይሞክርም፣ ዋጋውም ከክትፎው ያነሰ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን ነገሩን በራሷ መንገድ ይዛዋለች፦ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ ለውዝ ሻይ። ይሁንና ጾመኛና ቪጋን አንድ አይደሉም። ጾመኛው በፍስክ ቀን ሽሮው በቅቤ ቢመጣለት ደስ ይለዋል፤ ቪጋኑ ማክሰኞም ቢሆን ቅቤ አይቀምስም። ማር ለአንዱ ይፈቀዳል፣ ለሌላው አይፈቀድም። ዓሣ ደግሞ በእኛው መካከልም ሲያከራክር የኖረ ነው።

ስለዚህ በአበሻ ቤት የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅቤ አለው? መልሱም ብዙ ጊዜ ‹‹የለውም፣ ትንሽ ነው›› ይሆናል። ትንሽ ቅቤ ቅቤ ነው፤ ሽሮው በዘይት የሚሠራበት ድስትና በቅቤ የሚሠራበት ድስትም አንድ ጭልፋ ሲጋሩ ማየት የተለመደ ነው። ወጡን የምትሠራው ሴት ክፋት የለባትም፤ ለእርሷ ቅቤ የሚያስከብር ነገር እንጂ የሚደበቅ ምስጢር አይደለም። ግን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ ምግብ ቤት የሚሸጠው ምግብ ውስጥ 14 ዓይነት አለርጂ አስነሺ ነገሮች ካሉ ለደንበኛው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ወተት ከዝርዝሩ ውስጥ ነው፣ ቅቤም ወተት ነው። በአዚፋና በስልጆ የሚገባው ሰናፍጭም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። እንጀራው በጤፍ ብቻ ካልሆነ፣ ስንዴ ወይም ገብስ ካለበት፣ እርሱም ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ይህን ለቪጋኑ ብላችሁ ሳይሆን ሕግ ስለሆነ ጻፉት፤ በየወጡ ሥር አንዲት መስመር ትበቃለች፣ የጾሙንም ዝርዝር ከገጹ ግርጌ አንስታችሁ ከላይ አድርጉት።