የባትሪ አሲድ ለኮንደንሰር አይሆንም!

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ከዓመታት በፊት ኬሚስትሪ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን እዚሁ ድሬዳዋ አንድ የበረዶ ማምረቻ ቤት ይሠራል።

«ቲቸር፣ ኮምፕረሰሩ ፕሬዠር እየጨመረ ይጠፋብናል። አሲድ ጨመርንበት፣ ፈላ ፈላና ዝም አለ። ሌላ እንጨምር?»

«የምን አሲድ?»

«የባትሪ።»

ክንዱ ላይም ተረጭቶበታል። መጀመሪያ ስለ ክንዱ ነው የጮህኩበት።

ድሬ ያደገ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ «ካልሲየም» እንለዋለን። ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካም ያለ ምክንያት አልተተከለብንም። የጉድጓድ ውሃችን ይህን ድንጋይ አሟሙቶ ይመጣል። ስኳር ውሃ ሲሞቅ የበለጠ ይሟሟል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ግን በተቃራኒው ነው፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር እየወጣ ይለጠፋል። ስለዚህ የሚጋገረው ትኩስ የሆነው የኮንደንሰር ቱቦ ላይ ነው። ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ደግሞ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ቱቦው ጋቢ ለበሰ በሉት። ጋዙ አይቀዘቅዝም፣ ፕሬዠሩ ይወጣል፣ መብራት ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከካልሲየም ካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ጂፕሰም ይሠራል፣ ጂፕሰም ደግሞ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ቅርፊቱን ከላይ ይሸፍነውና አሲዱ ወደ ውስጥ መግባት ያቆማል። «ዝም አለ» ያለኝ ለዚህ ነው። ቢጨምር ኖሮ ብረቱን ነበር የሚበላው። ይህን 11ኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌለታለሁ! ግን እውነቱን ልናገር፣ የጻፍኩት ለፈተና ነው። አንድም ቀን ማንቆርቆሪያ ይዤ ክፍል አልገባሁም።

አሁን ያለው አማራጭ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ክዳኑን ፈትቶ ቱቦዎቹን በናይለን ብሩሽ መፋቅ ነው። ገና ጂፕሰም ላልሆነ ቅርፊት ግን ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጦ በፓምፕ ማዞር ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚወጣበት ቀዳዳ ክፍት ይሁን። በኋላ በደንብ ማጠብ። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። በረኪና ደግሞ አጠገቡ እንዳይደርስ፣ ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው።

የኔ ጥል ግን ከአሲዱ በላይ ከባለቤቱ ጋር ነው። ኩሊንግ ታወሩ ላይ ሲተን የሚሄደው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው፤ ማዕድኑ እዚያው እየወፈረ ይቀራል። ለዚህ ነው ትንሽ ትንሽ ውሃ እያፈሰሱ በአዲስ መተካት የሚያስፈልገው። ሰውየው «ውሃ ይባክናል» ብሎ ማፍሰሻውን ዘግቶታል። ይገባኛል፣ ድሬ ላይ ውሃ በየቀኑ አይመጣም፣ እኔም ቤት በርሜል ሞልቼ ነው የማድረው። ግን ያቺን ውሃ ቆጥቦ በመብራትና በኮምፕረሰር ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ለሠራተኛው ጓንት ሳይገዛ ደግሞ አሲድ ያስጨብጠዋል። ይሄ ቁጠባ አይባልም።

ልጁ ትናንት ደውሎ ነበር። ግማሹን ቱቦ ፍቀዋል፣ ማፍሰሻው ግን አሁንም ዝግ ነው። ክንዱ እየደረቀ ነው፣ ጠባሳው ሳይቀር አይቀርም አለኝ።