ምኒልክን በግራም!

ባለፈው ወር ለዘመድ ጥየቃ ሐዋሳ ወርጄ፣ ቡሹሎ አንዲት እናት ቤት ቡና ስጠጣ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቦርሳ ያነገተ ወጣት ገባና ትንሽ ሚዛን አወጣ። እማማ ደግሞ ከሳጥናቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ስድስት ጠገራ ብር አወጡ። ለልጅ ልጃቸው ሕክምና ነው።

አምስቱ ማርትሬዛ ናቸው። ስድስተኛውን ሳገላብጠው ደነገጥኩ፤ አንበሳ! ዳግማዊ ምኒልክ፣ 1887 ዓ.ም፣ ፓሪስ የተመታ። "ይሄኛውስ?" ብለው፣ "ያው ብር አይደል? ይቀልጣል" አይለኝም!

ጎበዝ፣ ይቅለጥ?

ማርትሬዛ ላይ ያለው 1780 ሰው ያሳስታል። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታውም ሁሉ ይሄንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ከኦስትሪያ ተስማምቶ ሮም ላይ ያስመታው ጀመር። በዓመቱ ለንደንም ተከተለች። እንግዲህ ከእማማ አምስት ብሮች የትኛው የቡና ዋጋ፣ የትኛው የወራሪ ጉቦ እንደነበር ሚዛን አይናገርም።

ምኒልክማ ድሮም አልቀናቸውም። የራሳችን ገንዘብ ይሄውላችሁ ቢሉ ሕዝቡ የለመዳትን የባዕድ ንግሥት አልለቅም ብሎ አስቸግሯቸዋል። ዛሬም ከእሷ ጋር እኩል ይመዘናሉ።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ይበል! ቦሌ ላይ ሻንጣ መፈተሽ ግን እዚሁ የቀለጠውን አይመልስም። እማማን "ቅርስ ነው፣ አይሽጡ" ማለትም ቀላል ነው። የልጁን መድኃኒት ማን ይግዛ? መንግሥት ቅርስ ከፈለገ ይግዛ! በየከተማው ባህል ቢሮ አንድ አዋቂ ሰው ይቀመጥ፤ ከግራም ዋጋ በላይ ይክፈል፣ ከማን እንደመጣ ይመዝግብ። ለስብሰባና ለቲሸርት የማይጠፋ ገንዘብ ለዚህ ምነው ጠፋ?

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ሰብሳቢ ነኝ፤ ቤቴ አሥራ አንድ ብር አለኝ። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ የነበረው ለምኒልኩ ብቻ በቃ። ከልጁ በላይ ከፈልኩ፣ ከሚገባው ግን በታች። እማማ ይሄን ሳያውቁ "ዕድሜ ይስጥህ" ብለው መረቁኝ። ልጁ አምስቱን ማርትሬዛ ቋጥሮ በባጃጅ ሄደ።